ማዕዘን ላይ የቆመው ልጅ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የእኛ ልጆች ቅርጫት ኳስ የሚጫወቱበት አንድ ጂም አለ። እኔም ሳምንቱን ታክሲ ስነዳ ከርሜ፣ ቅዳሜን ፊሽካዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ እዚያ እገኛለሁ። ከማሰለጥናቸው ልጆች አንዱ 14 ዓመቱ ነው። በቁመት ከእኩዮቹ ብዙም አይበልጥም፤ ግን ኳስ ከቀለበቱ ነጥሮ ሲመለስ የሚቀድመው የለም። የሌላውን ቡድን ዋና አግቢ ያዝልኝ ካልኩት ደግሞ እንደ ጥላ ይከተለዋል፤ ያ አግቢ ቀኑን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ዘና ብሎ አይወረውርም።

ባለፈው ክረምት አንድ ጨዋታ ላይ ደቂቃ ያህል ሲቀረን በአንድ ነጥብ ተመርተን ነበር። ኳሱ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ በግራ ማዕዘን ለቆመው ለዚህ ልጅ ደረሰው። አጠገቡ ማንም የለም። ቅርቡ ተከላካይ አራት ሜትር ርቆ፣ ጀርባውን ሊሰጠው ምንም አልቀረውም። ልጁ ኳሱን ያዘ። ቀለበቱን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ኳሱን ወደ መጣበት መለሰው። በመንገድ ላይ ተቀማ። በሌላኛው ጫፍ ገባብንና በሦስት ነጥብ ተሸንፈን ወጣን።

ካለቀ በኋላ ጠራሁት። "ልጄ፣ ለምን አልወረወርክም?"

"ኮች፣ እኔ እኮ ሹተር አይደለሁም" አለኝ። ፊቱ ላይ ሀፍረት አልነበረም፤ እንደ ስሙ የሚያውቀውን ነገር ነው የነገረኝ።

እናቱ ልትወስደው መጥታ ኖሮ ሰማችን። "ጋሼ፣ ሮጦ ይጠብቅልዎታል፣ ሪባውንዱን ይይዝልዎታል። ከዚህ በላይ ምን ይጠበቅበታል?" አለችኝ። የእናት ጥያቄ ስለሆነ በቁም ነገር ተቀበልኩት። ሳምንቱን ሙሉ መሪ ይዤ ስዞርም ከአእምሮዬ አልወጣም። ይህን የምጽፈው ለእሷ፣ እንደ እሷም ልጆቻቸውን በየጂሙ ለሚያመላልሱ ወላጆች ነው።

በመጀመሪያ ነገሩን ላስረዳ። በቅርጫት ኳስ ከየቡድኑ አምስት ሰው ሜዳ ላይ ይሆናል። ከአምስቱ አንዱ ወይም ሁለቱ ሁሉን የሚችሉ ኮከቦች ናቸው። የቀሩት እያንዳንዳቸው የተቆረጠ ሥራ አላቸው፦ አንዱ ከሩቅ ሦስት ነጥብ ይወረውራል፣ አንዱ የባላጋራን አግቢ ይጠብቃል፣ አንዱ ሪባውንድ፣ ማለትም ከቀለበቱ ነጥሮ የሚመለሰውን ኳስ፣ ይለቅማል። እነዚህን ባለ አንድ ሙያ ተጫዋቾች እላቸዋለሁ። ስማቸው በዜና ብዙ አይነሳም፤ ያለ እነሱ ግን ዋንጫ ያነሳ ቡድን የለም።

ችግሩ ሒሳቡ ላይ ነው። አንድ ተጫዋች ኳስ ይዞ ምንም እንደማያደርግ የታወቀ ዕለት የሚጠብቀው ሰው ትቶት ይሄዳል። ሩቅ አይሄድም፤ ከቀለበቱ ስር ቆሞ ሌሎቹን ያግዛል። ያኔ የሚያጠቃው ቡድን አራት ሆኖ ከአምስት ሰው ጋር ይጫወታል። ኮከቡ ሰንጥቆ ልግባ ሲል ሁለትና ሦስት ሰው ይገጥመዋል። ባለ አንድ ሙያው ሰው በመከላከል ያተረፈው ሁሉ በማጥቃት ጊዜ ይከስራል።

ለዚህ ከቶኒ አለን የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። አለን የሜምፊስ ግሪዝሊስ ተጫዋች ነበር። ሰው በመጠበቅ በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ ከፊተኞቹ አንዱ ነው፤ በ2015ም በአሜሪካ ትልቁ የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ በኤንቢኤ፣ የመጀመሪያው የተከላካዮች ምርጥ ቡድን ውስጥ ገብቷል። በዚያው ዓመት ፕሌይኦፍ፣ ማለትም ከመደበኛው ውድድር በኋላ በሚደረገው የዋንጫ ፉክክር፣ በሁለተኛው ዙር ሜምፊስ ከጎልደን ስቴት ዋሪየርስ ጋር ተገናኘ። ዋሪየርስ የዚያ ዓመት ኮከብ ስቴፈን ከሪ የሚጫወትበት ቡድን ነበር። ሆኖም ከሦስት ጨዋታ በኋላ ሜምፊስ 2 ለ 1 ይመራ ነበር። የአለን እጆች ኳስ ሲነጥቁ አገር ሁሉ አጨበጨበ።

አራተኛው ጨዋታ ላይ የዋሪየርስ አሰልጣኝ አንድ ነገር ለወጠ። ቁመቱ 2 ሜትር ከ13 የሆነውን አውስትራሊያዊ አንድሩ ቦገትን የአለን ጠባቂ አደረገው። ጠባቂ የተባለው ለስሙ ነው። ቦገት ከቀለበቱ ስር ቆመ፣ አለንን ውጭ ብቻውን ተወው፤ "ወርውር" ማለቱ ነው። አለን ወረወረ፣ አልገባም። ሁለተኛም ወረወረ፣ አልገባም። የሜምፊስ ጉልበት የነበሩት ዛክ ራንዶልፍና ማርክ ጋሶል ከውስጥ ሊጫወቱ ሲሉ ቦገት እንደ ግንብ ተገትሮ ጠበቃቸው። የሜምፊስ አሰልጣኝ ምርጥ ተከላካዩን ወንበር ላይ ለማስቀመጥ ተገደደ። ኋላም የጭን ጡንቻ ጉዳት ተጨመረበት። ዋሪየርስ ሦስቱን ተከታታይ ጨዋታ አሸንፎ 4 ለ 2 አለፈ፤ በዚያው ዓመትም ከ40 ዓመት በኋላ ሻምፒዮን ሆነ።

ያንን ጨዋታ ሌሊት ከሥራ ስመለስ ነው ያየሁት። አለን ብቻውን ቆሞ ኳሱን ይዞ ሲያመነታ ሳይ ሆዴ ተላወሰ። ምክንያቱን ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

አስቀድሜ ግን ያንን ውሳኔ የወሰነው አሰልጣኝ ማን እንደሆነ ልንገራችሁ። ስቲቭ ከር ነው። ከር በተጫዋችነቱ ዘመን ራሱ ባለ አንድ ሙያ ነበር። ፈጣን አልነበረም፣ ከፍ ብሎ አይዘልም፣ ሰውነቱም ቀጭን ነበር። ሙያው ውርወራ ነው፤ የሦስት ነጥብ ውርወራው 45.4 በመቶ ገብቶለት በኤንቢኤ ታሪክ የሚበልጠው አልተገኘም። በ1997 የፍጻሜ ውድድር ስድስተኛ ጨዋታ ላይ የእሱ ቺካጎ ቡልስና ዩታ ጃዝ እኩል በእኩል ሆነው ጥቂት ሰከንዶች ቀሩ። ኳሱ ለማይክል ጆርዳን እንደሚሰጥ ዓለም ሁሉ ያውቃል። በእረፍቱ ወንበር ላይ ጆርዳን ለከር ተዘጋጅ አለው፤ ከርም የእሱ ጠባቂ ጆን ስቶክተን ትቶት ከሄደ ዝግጁ እንደሚሆን ነገረው። እንደተባለውም ስቶክተን ጆርዳንን ለማገዝ ሄደ፣ ጆርዳን ኳሱን አቀበለ፣ ከር ወረወረ፣ ገባ። ቡልስ 90 ለ 86 አሸንፎ አምስተኛውን ዋንጫ አነሳ።

ያችን ውርወራ ልብ በሉልኝ፦ የሦስት ነጥብ አልነበረችም። ከመስመሩ ገባ ብሎ፣ አምስት ሜትር ከምናምን ላይ የተወረወረች ናት። ከር ከሚታወቅበት ቦታ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ መጥቶ፣ በዓመቱ ከባድ ሰከንድ፣ ሥራውን ሠራ። ከ18 ዓመት በኋላ አሰልጣኝ ሆኖ ቶኒ አለንን ብቻውን ሲተወው፣ የተተወ ሰው ምን ማድረግ እንደሚችልና አለን ያንን እንደማያደርገው አብጠርጥሮ ያውቅ ነበር።

ሌላም ልጨምር። በ2017 ፕሌይኦፍ የመጀመሪያ ዙር ኦክላሆማ ሲቲ ተንደር ከሂዩስተን ሮኬትስ ጋር ሲጫወት አንድሬ ሮበርሰን የተባለ ድንቅ ተከላካይ ነበረው። አራተኛው ጨዋታ ላይ ሂዩስተኖች ሆን ብለው ፋውል ይሠሩበት ጀመር፤ ነፃ ውርወራ መስመር ላይ እንዲቆም። 12 ጊዜ ወረወረ፣ የገባው 2 ብቻ ነው። ቡድኑ 113 ለ 109 ተሸነፈ። አራት ነጥብ ነው ልዩነቱ። ነፃ ውርወራ ማንም እጁን ሳይዘረጋብህ ከ4 ሜትር ከ57 ላይ የምትወረውራት ናት። ያን ቀን የቡድኑ ሸክም በሙሉ እዚያች መስመር ላይ ወደቀ።

እንግዲህ ለእናቲቱ የምመልሰው የመጀመሪያ ነገር ይህ ነው፦ ልጅሽ ከአሁኑ የበለጠ ካልተጠበቀበት፣ አንድ ቀን ያ የሚወደው ሙያው ራሱ ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል።

ሁለተኛው ነገር የባሰ ይከብዳል። የበለጠ ማለት ምን ያህል ነው? ባለ አንድ ሙያውን ሰው "ሁሉንም ቻል" ብንለው የነበረውንም እናጠፋበታለን። የዚህን መልስ ያገኘሁት ከብሩስ ቦወን ነው።

ቦወን በ1993 ከዩኒቨርሲቲ ሲወጣ፣ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በሚመርጡበት የኤንቢኤ ድራፍት የመረጠው ቡድን አልነበረም። ፈረንሳይ ሄዶ ተጫወተ፣ አሜሪካ ውስጥም በዝቅተኛው ሊግ ተንከራተተ። ከዚያ ማያሚ፣ ቦስተን፣ ፊላደልፊያ፣ እንደገና ማያሚ እያለ በ2001 ሳን አንቶኒዮ ስፐርስ ሲደርስ 30 ዓመት ሞልቶታል። ሙያው ሰው መጠበቅ ነው። ኳስ ማንጠር ብዙም አይሆንለትም፣ ሰንጥቆ መግባትም የእሱ አልነበረም። በሙያ ዘመኑ በአማካይ በጨዋታ 6.1 ነጥብ ነው ያገባው። ነገር ግን ስፐርስ ቲም ደንከን ከውስጥ የሚጫወትበት ቡድን ነበር፤ የቦወን ጠባቂ ወደ ውስጥ ገብቶ ደንከንን ቢከብ የቡድኑ ሥራ ሁሉ ይበላሻል።

ስለዚህ ቦወን አንድ ቦታ መረጠ፦ ማዕዘኑን። በኤንቢኤ ሜዳ የሦስት ነጥብ መስመር ከፊት ለፊት 7 ሜትር ከ24 ሲርቅ፣ ማዕዘኑ ላይ ግን 6 ሜትር ከ70 ነው። ግማሽ ሜትር ይቀርባል፣ ነጥቡ ግን ያው ሦስት ነው። በተጨማሪም ማዕዘኑ ሩቅ ስለሆነ ጠባቂው ደንከንን ለማገዝ ከሄደ ተመልሶ ለመድረስ ብዙ ይሮጣል። ቦወን እዚያች ቦታ ላይ ጉልበቱን አጥፎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አዘጋጅቶ፣ ኳስ ሳይደርሰው ተሰናድቶ ይቆማል። ከደረሰው ይወረውራል፤ ሌላ ነገር አይሞክርም።

ውጤቱን በቁጥር ተመልከቱ። በ2002-03 የውድድር ዘመን የቦወን የሦስት ነጥብ ውርወራ 44.1 በመቶ ገባ፤ ከኤንቢኤ አንደኛ ሆነ። በዚያው ዘመን ነፃ ውርወራው የገባለት 40.4 በመቶ ብቻ ነው። ከቅርብ፣ ማንም ሳይነካው ከሚወረውረው ይልቅ ከሩቅ ማዕዘን የሚወረውረው ይገባለት ነበር። ይህን ቁጥር ባሰብኩት ቁጥር ይገርመኛል። ሰውየው በተፈጥሮው ወርዋሪ አልነበረም። አንዲት ቦታ መረጠ፣ እዚያች ቦታ ላይ ደጋግሞ ወረወረ፣ የእሱ አደረጋት።

ያች አንዲት ቦታ ሜዳ ላይ እንዲቆይ አስቻለችው። ሜዳ ላይ ሲቆይ ደግሞ ትልቁ ሙያው ሥራውን ሠራ። ስፐርስ በ2003፣ በ2005 እና በ2007 ዋንጫ ሲያነሳ ቦወን ነበረበት። በ2007ቱ ፍጻሜ የ22 ዓመቱን ሌብሮን ጀምስን በዋናነት የያዘው እሱ ነው፤ ሌብሮን በዚያ ፍጻሜ ከወረወረው የገባለት 35.6 በመቶ ብቻ ነበር፣ ቡድኑ ክሊቭላንድም 4 ለ 0 ተሸነፈ። በ2012 ስፐርስ የቦወንን 12 ቁጥር ማሊያ ከጂሙ ጣሪያ ሰቀለለት። በጨዋታ 6 ነጥብ ለሚያገባ ሰው እንዲህ ያለ ክብር ብዙ ጊዜ አይሰጥም።

አንድ መነሳት ያለበት ነገር አለ፦ ቦወን እግሩን ከወርዋሪ ስር ያስገባል እየተባለ ብዙ ተወቅሷል፤ ያንን ልጆቼ እንዲማሩት አልፈልግም። ከእሱ እንዲማሩ የምፈልገው ማዕዘኑን ነው።

ብሩክ ሎፔዝም ሌላው አስተማሪዬ ነው። ቁመቱ 2 ሜትር ከ16 ነው፤ ሥራው ከቀለበቱ ስር ነበር። በመጀመሪያዎቹ ስምንት የኤንቢኤ ዓመታቱ በጠቅላላው 31 የሦስት ነጥብ ውርወራ ሞክሮ 3 ብቻ አገባ። በዘጠነኛው ዓመት፣ በ2016-17፣ ብሩክሊን ኔትስ ከውጭ እንዲወረውር ፈለገበት። በዚያ አንድ ዓመት 387 ሞክሮ 134 አገባ። በ2021 ከሚልዋኪ ባክስ ጋር ሻምፒዮን ሲሆን፣ እሱ ባላጋራውን ከቀለበቱ አርቆ ስለሚያወጣለት የቡድኑ ኮከብ ያኒስ አንቴቶኩንፖ ሰፊ መንገድ ነበረው። ስምንት ዓመት የጠየቀው ሰው ስላልነበር ያልታየ ችሎታ፣ የጠየቀው ሲገኝ ታየ።

ሁለቱን ሳስተያይ አንድ ሕግ ይታየኛል። ከባለ አንድ ሙያ ሰው የሚጠበቀው ጭማሪ አንድ ነገር መሆን አለበት፤ ያውም ዋናው ሙያው እንዳይባክን የሚጠብቅለት ነገር። ቦወን ኳስ እያነጠረ ይግባ ያለው የለም። የቶኒ አለን ጉድለትም ሃያ ነጥብ አለማግባቱ አልነበረም፤ ከማዕዘን ከሦስት አንዷን ቢያገባ ቦገት ትቶት ለመቆም ይፈራ ነበር። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ከሦስት የሦስት ነጥብ ውርወራ አንዷ ከገባች፣ ከሁለት የሁለት ነጥብ ውርወራ አንዷ እንደገባች ነው፤ በአማካይ በውርወራ አንድ ነጥብ። ይህን ያህል የሚያገባን ሰው ማንም አሰልጣኝ ባዶ ሜዳ ላይ አይተወውም።

አሁን ሆዴ ለምን እንደተላወሰ ልንገራችሁ።

አዲስ አበባ፣ 17 ዓመቴ ሳለ፣ ለትምህርት ቤት ቡድን እጫወት ነበር። ሜዳው ሲሚንቶ ነው፤ ቀለበቱ መረብ የለውም፤ ከወደቅህ ጉልበትህ ይላጣል። እኔ ጠባቂ ነበርኩ። አሰልጣኛችን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ስሙን ግን አላነሳም። "አንተ ጠብቅ፣ መወርወር የሌሎቹ ነው" ይለኝ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ የውርወራ ልምምድ ሲሆን እኔ ከቀለበቱ ስር ቆሜ የሌሎቹን ኳስ ነው የምለቅመው። ምስጋና ነበር የሚመስለኝ፤ ሥራዬ ታውቆልኛል ብዬ እኮራ ነበር።

የትምህርት ቤቶች ፍጻሜ ጨዋታ ላይ ብቻዬን ማዕዘን ላይ ቆሜ ኳስ ደረሰኝ። የሚጠብቀኝ ልጅ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ይመለከተኛል። ተመልካቹ "በል! በል!" ይላል። እጄ አልታዘዘኝም። ኳሱን መለስኩት። ተሸነፍን። ቤቴ እስክደርስ በእግሬ ሄድኩ፤ እናቴም "ምን ሆነህ ነው?" ብትለኝ የምመልሰው አጣሁ። እስከ ዛሬ ያች ውርወራ አልወጣችልኝም። ብወረውርና ብስት ኖሮ ረስቻት ነበር።

አሰልጣኛችን የሠራው ስህተት ይህ ነው፦ ያለኝን አይቶ እዚያው ዘጋኝ። ሰው ጎበዝ በሆነበት ነገር ተመስግኖ እዚያው እንዲቀር ሲደረግ፣ ምስጋናው ቀስ በቀስ አጥር ይሆንበታል። ከሰው ብዙ መጠበቅ ማክበር ነው። ለዚህም ሁለት ነገር መክፈል ያስፈልጋል፤ የልምምድ ጊዜና ኳሱ። ጆርዳን ለከር ያንን ኳስ ባይሰጠው የከር ዝግጅት ሁሉ በወንበር ላይ ይቀር ነበር። ልምምድ ሳይሰጡ መጠበቅ ልጅን ማሳፈር ነው፤ ልምምድ ሰጥቶ ኳሱን መከልከል ደግሞ ማታለል።

ለእናቲቱ ይህን ሁሉ አልነገርኳትም። "እህቴ፣ ከልምምዱ በኋላ ሃያ ደቂቃ ተዪልኝ" ብቻ አልኳት። ተወችልኝ።

ሌሎቹ ልጆች ሲሄዱ እኔና እሱ ግራ ማዕዘን ላይ እንቀራለን። የእሱ ዕድሜ ልጆች መስመር ከቀለበቱ 6 ሜትር ያህል ነው። መቶ ውርወራ፣ ሁሉም ከዚያች ቦታ፤ ሪባውንዱን የምለቅምለት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ያስተማርኩት ክንዱን አልነበረም፤ እግሩን ነው። ኳሱ ደርሶት ከዚያ በኋላ ነበር ጉልበቱን የሚያጥፈው፤ ያኔ ተከላካይ ይደርስበታል። "ኳሱ በአየር ላይ ሳለ እግርህ ይዘጋጅ" አልኩት። የመጀመሪያው ቅዳሜ ከመቶ 19 ገባለት። "ኮች፣ ነገርኩህ እኮ" አለኝ። "ቁጠር ብቻ" አልኩት። ሦስተኛው ቅዳሜ 26፤ ስድስተኛው 34። ያን ቀን ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ደጋግሞ ነገረኝ፤ እናቱ ስትመጣም ለእሷ ነገራት።

በጨዋታ ላይ አንድ ነገር ብቻ አዘዝኩት። ማዕዘን ላይ ብቻህን ከሆንክ ትወረውራለህ፤ ብትስት አላስቀምጥህም፤ ሳትወረውር ብትመልሰው ግን ትቀመጣለህ።

ከዚያ በኋላ ባደረግነው ጨዋታ አራት ጊዜ ወረወረ። የመጀመሪያው ቦርዱን እንኳ ሳይነካ ወደቀ። ከወላጆች መካከል አንድ ሁለት ሰው ሲያጉረመርም ሰማሁ፤ ልጁ ወደ እኔ አየ፣ እኔ አጨበጨብኩ። ሁለተኛው ቀለበቱን መታ። ሦስተኛው ገባ። አራተኛውም ስቶ ወጣ። ከአራት አንድ ነው፤ በወረቀት ላይ ቢያዩት የሚያኮራ ቁጥር አይደለም።

ነገር ግን ሦስተኛዋ ከገባች በኋላ የሌላው ቡድን አሰልጣኝ ከወንበሩ ተነስቶ "ማዕዘኑን ያዙት!" ብሎ ጮኸ። የልጁ ጠባቂ ከቀለበቱ ስር ወጥቶ አጠገቡ ቆመ። መሐሉ ተከፈተ። ኳስ አንጣሪያችን፣ ትንሹ ልጅ፣ በዚያ ክፍተት ገብቶ ማንም ሳይነካው አገባ። የእኔ ልጅ ኳሷን አልነካትም፤ ማዕዘኑ ላይ ጉልበቱን አጥፎ፣ እጁን አዘጋጅቶ ቆሞ ነበር።

ልጆች የምታሰለጥኑ፣ ልጆች ወደ ሜዳ የምትልኩ ሁሉ፦ ከቡድናችሁ ውስጥ "እሱ እንኳ ይህን ብቻ ነው የሚችለው" የምትሉት ልጅ ካለ፣ የፊታችን ቅዳሜ ሃያ ደቂቃ ስጡት። አንድ ቦታ ምረጡለት። ኳሱን እናንተ ልቀሙለት።